የሚያንጠባጥብ ሰጋቱራ

ከታቦር ተራራ ሥር ያለው የቀበሌ ሕዝብ ጭብጨባን የለመደው በተግሣጽ ነው። አንድ ጊዜ ከበላይ የመጣ ካድሬ ንግግሩን ሲጨርስ ጥቂት ሰዎች ብቻ ቢያጨበጭቡለት፣ «የታመመው እጃችሁ ነው ወይስ ልባችሁ?» ብሎ አፈጠጠባቸው። ከዚያ ወዲህ ሰዉ ለምን እንደሚያጨበጭብ መጠየቁን ትቶ፣ መቼ እንደሚያጨበጭብ ብቻ ይጠነቀቅ ጀመር። ለዚህም ሁነኛ ሰው አላጣም፤ ግዛቸው ነበረለት።

ግዛቸው የቀበሌው ጥበቃ ነው። ምሥራቅ ጦር ግንባር ዘምቶ፣ መድፍ ጆሮውን ደፍኖበት የተመለሰ ዝምተኛና ጨዋ ሰው። ስብሰባ ሲኖር ከመድረኩ ፊት ለፊት ቀጥ ብሎ ይቆማል። የሚባለው ነገር ስለማይሰማው የተናጋሪውን አፍ ያያል። አፉ ተዘግቶ ትንሽ ከቆየ ግዛቸው ያጨበጭባል፤ እሱ ካጨበጨበ ሕዝቡ ይከተላል። አንዴ እንዲያውም አንድ ተናጋሪ ጉሮሮውን ሊያርስ ንግግሩን ቢገታ፣ ገና መሀሉ ላይ ያልደረሰው ሐሳብ በደማቅ ጭብጨባ ጸደቀና ስብሰባው ተበተነ። ቅር ያለው ሰው አልነበረም። እናቶች «ዕድሜ ይስጥህ» እያሉ ግዛቸውን መርቀው ወደየቤታቸው ገቡ።

በዚያ ቀበሌ እንግዲህ የተጨበጨበለት ነገር ሁሉ ጸደቀ ማለት ነበር። ተቃውሞ የሚባለውን ነገር ማንም አላየውም፤ ልየው የሚልም አልነበረም።

የቀበሌው ሊቀመንበር ደረሰ ይባላል። ፒያሳ፣ ከነጋዴው ከጠሀ ሱቅ በስተኋላ ባለች ክፍል አልጋና ቁም ሣጥን የሚሠራ አናጺ ነው። ሊቀመንበርነቱን እሱ አልፈለገውም። ጠብ ስለማይወድና የሰው ወሬ ወደ በላይ ስለማያመላልስ ሰዉ «እሱ ይሁንልን» ብሎ ጫነበት። ሹመት ከተጫነብህ ደግሞ እንደ ጠባብ ጫማ ነው፤ ስትሄድበት ውለህ ማታ ለሚስትህ ታማርራለህ። ደረሰም ማታ ማታ ለሚስቱ ለሮማን ያማርር ነበር።

ዘመኑ ሰባ ስድስት ዓመተ ምሕረት ነው። ከተማዋን ያኔ ሁሉም አዋሳ ነበር የሚላት። በመጪው መስከረም አብዮቱ ዐሥረኛ ዓመቱን ስለሚያከብር አጥር ቀለም የማይቀባበት፣ ቅስት የማይተከልበት መንገድ አልነበረም። ማዘጋጃ ቤቱም በበኩሉ ለየቀበሌው «የልማት ቅድሚያችሁን መርጣችሁ አሳውቁ» አለ። ለአንድ ቀበሌ አንድ ሥራ ብቻ ነው። አዳራሽ ለሚል ሲሚንቶና ቆርቆሮ አለ፤ ውሃ ለሚል ቧንቧ አለ፤ አንዱን የመረጠ ሌላውን ለከርሞ ይጠብቃል። ከርሞ የሚለው ቃል በማዘጋጃ ቤት አነጋገር መቼ ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ግን እስከ ዛሬ አልተገኘም።

የቀበሌዎቹ የበላይ የሆነው የከፍተኛው ሊቀመንበር ጓድ በላይነህ ምርጫውን ቀድሞ መርጦ ነበር የመጣው። ወጣት ነው፣ ችኩል ነው፣ ሸሚዙ ሁልጊዜ የተተኮሰ ነው።

«አዳራሽ!» አለው ደረሰን፣ አናጺ ቤቱ ድረስ መጥቶ። «የመወያያ አዳራሽ። ለዐሥረኛው ዓመት ይመረቃል።»

«ውሃውስ ጓድ በላይነህ? የኛ ዳገት ላይ እኮ ቦኖ የለም» አለ ደረሰ ፈራ ተባ እያለ።

«ውሃ ዱሮም የነበረ ነው። ዐሥረኛው ዓመት ግን የሚመጣው አንዴ ነው።»

እውነቱን እንናገር ከተባለ ደረሰ ውሃውን አጥብቆ መጠየቅም አልፈለገም። አናጺ ነዋ! ዕድሜውን ሙሉ አልጋ እየሠራ፣ ሰው ተኝቶበት የሚረሳውን ነገር እየቸነከረ የኖረ ሰው፣ ትልቅ ጣሪያ ሥራ ሲሉት ልቡ ምን ይሆናል? መሀል ላይ ምሰሶ የሌለው፣ ከግድግዳ ግድግዳ በእንጨት ብቻ የተያያዘ፣ የገባ ሰው ሁሉ ቀና ብሎ የሚያየው ጣሪያ። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ የሚሠራውን ቁም ሣጥን ትቶ፣ በቁራጭ ኮምፔንሳቶ ጣውላ ላይ በእርሳስ ሲስል ዋለ። ለበላይነህም ቃሉን ሰጠ።

ሲመሻሽ እንደ ወትሮው ጆንያውን ብስክሌቱ ላይ ጭኖ ወደ ታቦር አቀና።

ይቺ ጆንያ የራሷ ታሪክ አላት። ከላይ ስትታይ የሰጋቱራ ጆንያ ናት። አናጺ ደግሞ ለምድጃ የሚሆን ሰጋቱራ ወደ ቤቱ ቢወስድ ማን ይደንቀዋል? ከሰጋቱራው ሥር ግን ከጠሀ ግቢ የተቀዳ አንድ ጀሪካን ውሃ አለ። የጋሪ ውሃ ከዳገቱ ሥር አያልፍም፤ ብስክሌትም እዚያው ይለግማል። ከዚያ በኋላ ያለውን ደረሰ በትከሻው ነው የሚገፋው። በዚያን ጊዜ ውሃ የሚሸከም ወንድ፣ ያውም ሊቀመንበር፣ ከታየ አለቀለት፤ ስሙ ከጠላ ቤት እስከ ወፍጮ ቤት መጫወቻ ይሆናል። ከሚስቱ በቀር ምስጢሩን የሚያውቀው ጠሀ ብቻ ነበር፤ እሱም ከሱቁ በር ላይ ሆኖ «ደሬ፣ ሰጋቱራው ዛሬ ቀዝቃዛ ነው?» እያለ ሲያበሽቀው ይከርማል።

ደረሰ ይህን ሁሉ የሚሆነው ለሮማን ነው። ባለፈው ዓመት ሮማን ሆዷ ገፍቶ ሳለ እንስራ አዝላ ያን ዳገት ስትወጣ መንገዱ ዳር ካለው ግራር አጠገብ አዳለጣት። እንስራው ተሰበረ፤ ልጁም ቀረ። ዓመት ሳይሞላ እግዜር ደግሞ ሰጣትና አሁንም ሆዷ ገፍቷል። ደረሰ ከሁሉ ነገር አስቀድሞ የሚፈራው ያን ዳገት ነበር። «ሁለተኛ ቦኖ እንዳትወርጂ» ብሎ ቃል አስገብቷታል። እሷም እሺ ብላለች።

ያን ምሽት ጆንያውን በር ላይ ሲያወርድ ሮማን በለሆሳስ እየዘመረች ሳህን ታጥባለች። ጸሎት ቤታቸው በመንግሥት ትእዛዝ ከታሸገ ወዲህ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ መዘመር ለምዳለች። ውሃው ጥቂት ስለሆነ አምስቱንም ሳህን ያጠበችው በአንድ ጣሳ ነው።

«ዛሬም ሰጋቱራ?» አለች ሳቋን ይዛ።

«ዛሬም ሰጋቱራ። እንኳን መጣህ አይባልም?»

«እንኳን መጣህ የኔ ሊቀመንበር። ጀርባህ ረጥቧል።»

ሸሚዙን እየቀየረ ስለ አዳራሹ ነገራት። ኮምፔንሳቶውን አውጥቶ ከኩራዙ አስጠግቶ አሳያት። ሮማን ሥዕሉን በጥንቃቄ ተመለከተች፤ የባሏን እጅ ሥራ መውደዷን አልደበቀችም።

«ያምራል» አለች። «በጣም ያምራል። ለመሆኑ ይሄ አዳራሽ ስንት እንስራ ይይዛል?»

«አይ ሮማን! ቧንቧውን እኮ ለከርሞ እንጠይቃለን።»

ሮማን ሆዷን ዳበሰች። «ይሄኛው ከርሞን አይጠብቅም» አለች።

ሳህኖቹን ደርድራ ራት አቀረበች። ደረሰ በላ፤ ምን እንደበላ ግን አላወቀም።

ስብሰባው እሑድ ጠዋት በትምህርት ቤቱ ሜዳ ተጠራ። ስም ስለሚጠራና የቀረ ሰው ከቀበሌው ሱቅ ስኳር ስለማያገኝ፣ ሕመምተኛው ሳይቀር ተደግፎ መጣ። ሮማን ግን ሆዷ ስለገፋ ተፈቅዶላት ቤቷ ቀረች። ሜዳው ዳገቱ ሥር ነው፤ መድረኩ ላይ የተቀመጠ ሰው በሕዝቡ ራስ ላይ አሻግሮ ከሥር ካለው ቦኖ ወደ ላይ የሚወጣውን ቀይ መንገድ ያያል።

ጓድ በላይነህ ረጅም ንግግር አደረገ። ሰፊው ሕዝብ አዳራሽ ሲኖረው ንቃቱ እንደሚጨምር፣ ንቃቱ ሲጨምር ምርቱ እንደሚጨምር አስረዳ። አፉን ዘጋ። ግዛቸው አጨበጨበ፤ ሕዝቡ አጨበጨበ።

«በዚህ ላይ ሐሳብ ያለው አለ?» አለ በላይነህ፣ ለወጉ ያህል። ይህ ጥያቄ በየስብሰባው ይጠየቃል፤ መልስ የሰጠበት ሰው የለም።

እማማ ጫልቱ ተነሡ።

እማማ ጫልቱ ገበያ ላይ ቆጮ የሚሸጡ፣ ከነደረሰ ጋር ግድግዳ የሚጋሩ ባልቴት ናቸው። ቀስ ብለው ነጠላቸውን አስተካከሉ። ደረሰ ልቡ ድንግጥ አለ፤ እማማ ጫልቱ አንዴ ከተነሡ በልመና እንደማይቀመጡ ያውቃል።

«እኔ አዳራሽ አልጠላም» አሉ። «ዝናብ ሲመጣ እንጠለልበታለን። ግን አንድ ነገር ልጠይቅ። ይሄ ሊቀመንበራችን ማታ ማታ ጆንያ ተሸክሞ ዳገቱን ይወጣል። ምንድን ነው ልጄ ስለው ሰጋቱራ ነው ይለኛል። እኔ ይሄን ሁሉ ዘመን ስኖር የሚያንጠባጥብ ሰጋቱራ አይቼ አላውቅም!»

ሜዳው በሳቅ ፈነዳ። መድረኩ ላይ የተቀመጡት የኮሚቴ አባላት እንኳ ወረቀታቸው ውስጥ ተደበቁ። አንዱ ከኋላ «ለዚህ ነው ለካ የሱ ጓሮ ጎመን የማይደርቀው!» አለ። ደረሰ ጆሮው ጋለ። መሬት ተከፍታ ብትውጠው ምንኛ በወደደ!

«አይዞህ ልጄ» አሉ እማማ ጫልቱ፣ ሳቁ ጋብ ሲል። «ሳቅሁብህ እንጂ አልናቅሁህም። ለሚስትህ ብለህ ነው፤ የተባረክ ነህ። የሌላው ሴት ባል ሰጋቱራም የለው፤ እሷው ናት የምትሸከም። ወንድ ውሃ ቢሸከም ነውር አይደለም። ነውር የሚመስለኝስ ጉሮሯችን ደርቆ እጃችን ብቻ ሲያጨበጭብ ነው።»

አሁን የሳቀ የለም። ሰዎች አንገታቸውን ሰበሩ፤ እንዲህ ያለ ነገር በአደባባይ ሲባል መስማት ያስፈራል። ደረሰም ከሰዉ ዓይን ሊሸሽ ቀና አለና አሻግሮ ወደ ዳገቱ ተመለከተ።

መንገዱ ላይ አንዲት ሴት እንስራ አዝላ ጎንበስ ቀና እያለች ትወጣለች። መጀመሪያ ማን እንደሆነች አላወቃትም። ኋላ ሆዷን አየ፤ ቢጫ ሻሿንም አየ። ሮማን ነበረች።

የስብሰባ ቀን ቦኖ ላይ ወረፋ እንደሌለ የማያውቅ ሴት በሰፈሩ የለም። ሮማን ቃሏን ያፈረሰችው ወረፋ አጥሮላት ነው። ሰው ሁሉ ስለ ልማት ሊያጨበጭብ ሜዳ ሲሰበሰብ እሷ ውሃ ልትቀዳ ወረደች። ደረሰ ጮኾ ሊጠራት ፈለገ፤ ቢጮኽ ደንግጣ ትወድቅ ይሆናል።

«ቧንቧው አለ ካላችሁ ቧንቧውን ስጡን» አሉ እማማ ጫልቱ። «መቆፈሩን እኛ እንቆፍራለን። ጨርሻለሁ።» ነጠላቸውን ጠቅልለው አፋቸውን ዘጉ።

ግዛቸው አፋቸው መዘጋቱን አየ። እንደ ወትሮው አጨበጨበ።

ሕዝቡም እንደ ወትሮው ተከተለው። መጀመሪያ እጅ ነበር የሚያጨበጭበው፤ ከልማድ። ትንሽ ቆይቶ ግን አንዱ የሌላውን ፊት ሲያይ፣ ጭብጨባው እየበረታ፣ እየሞቀ ሄደ። ከሴቶቹ በኩል አንዷ እልልታዋን ለቀቀችው። ከዚያ ማን ያቁመው!

በላይነህ ከወንበሩ ብድግ አለ። ፊቱ ቀልቷል። «ጓድ ሊቀመንበር፣ ይሄ ጭብጨባ ለምንድን ነው?»

ለደረሰ መልሱ ቀላል ነበር። «ግዛቸው ጆሮው ስለማይሰማ ተሳስቶ ነው» ቢል ሁሉም ነገር ወደ ቦታው ይመለሳል። ውሸትም አይሆንበትም። አዳራሹ ይሠራል፤ ያ የሕልሙ ጣሪያ ይሰቀላል፤ ከበላይም ጋር አይቀያየምም። ደረሰ እንደገና ወደ ዳገቱ አየ። ሮማን ከግራሩ አጠገብ፣ ባለፈው ዓመት የወደቀችበት ቦታ ላይ ደርሳ ቆማለች። በአንድ እጇ ግራሩን ተደግፋ ታርፋለች።

«ለውሃው ነው ጓድ» አለ ደረሰ።

«ማን አጸደቀው?»

«ሕዝቡ ነዋ።» አለ ደረሰ። «በኛ ቀበሌ የተጨበጨበለት ነገር ጸደቀ ማለት ነው። እስከ ዛሬ የጸደቀው ሁሉ የጸደቀው በዚሁ መንገድ ነው። ያን እንሰርዝ ካልን ሌላውንም ሁሉ መሰረዛችን ነው።»

በላይነህ ሊመልስ አፉን ከፈተ። የሚለው ጠፋውና መልሶ ዘጋው።

ግዛቸው አጨበጨበ።

ደረሰ ያን ጭብጨባ አልሰማውም። ዓይኑ ግራሩ ላይ ነው። ሮማን እንስራዋን አመቻቸች፣ አንድ እግሯን አስቀደመች፣ ሌላውን አስከተለች፣ ዳገቱን ጨርሳ ግቢያቸው ገባች። ያኔ ነው ትንፋሹን የለቀቀው።

ቤቱ ሲደርስ ሊቆጣት አስቦ ነበር። መንገዱን ሙሉ የቁጣ ቃል ሲመርጥ መጣ። በሩ ላይ ሲደርስ ሮማን እግሯን ዘርግታ ተቀምጣ፣ ቢጫ ሻሿን ፈትታ ፊቷን ታብሳለች።

«ቃልሽን አፈረስሽ» አለ ብቻ።

«አየኸኝ?» አለች ደንግጣ። «የልጁን ጨርቅ ከወዲሁ ልጠብ ብዬ እኮ ነው። አንድ ጀሪካን ለጨርቅም ለወጥም አይበቃ። ደግሞ አንተስ? ሰጋቱራ እያልክ መንደሩን ሙሉ ስትዋሽ አልኖርክም?»

«እሱስ ዛሬ አለቀለት። እማማ ጫልቱ አጋለጡኝ።»

የሆነውን ሁሉ ሲነግራት መጀመሪያ ሳቀች፤ እየሳቀች እያለ ዕንባዋ መጣ። ደረሰ አጠገቧ ተቀመጠ። በመጋዝ የሻከረ እጁን ሆዷ ላይ አስቀመጠ።

«አዳራሽህስ?» አለችው።

«አዳራሽ ከርሞን ይጠብቅ። ልጅ አይደለ።»

ቧንቧው ከመጋዘን ወጣ። እማማ ጫልቱ እንዳሉት ቁፋሮውን ሕዝቡ ቆፈረ፤ እሳቸውም ድንጋይ ላይ ተቀምጠው የሰነፈውን በስሙ እየጠሩ አሠሩ። ደረሰ ደግሞ ዳገቱ ወገብ ላይ፣ ከግራሩ ጥቂት ዝቅ ብሎ ለተተከለው ቦኖ በቁራጭ እንጨት መጠለያ ይሠራ ጀመር። ኮምፔንሳቶው ላይ የሳለውን ጣሪያ አሳንሶ፣ አስተካክሎ፣ እያንዳንዱን መጋጠሚያ በመላጊያ አለስልሶ ሰቀለው። ሰዉ ሳቀበት። ጠሀ ሳይቀር ከፒያሳ ድረስ መጥቶ «ደሬ፣ ውሃ ዝናብ ይፈራል እንዴ?» አለው።

«ወረፋ የሚጠብቅ ሰው ይፈራል» አለው ደረሰ፣ ከጣሪያው ላይ ሆኖ።

ጓድ በላይነህ ቂም አልያዘም ብሎ መማል አይቻልም። በሚቀጥለው ምርጫ የደረሰ ስም ከጥቆማው እንዳይገባ ተደርጎ ሌላ ሊቀመንበር ተመርጧል፤ በጭብጨባ። ደረሰ በዚያ ቀን እንደ ተደሰተው ተደስቶ አያውቅም ይላሉ። ከዚያ በፊት ግን ቦኖውን ማስመረቅ ነበረበት።

ምረቃው ነሐሴ ላይ ዋለ። በላይነህ የተተኮሰ ሸሚዙን ለብሶ መጥቶ፣ ቦኖውን ለዐሥረኛው ዓመት የተበረከተ ድል አድርጎ ተናገረ፤ አጨበጨቡለት። ቧንቧው ሲከፈት መጀመሪያ እንደ ሽማግሌ ሳለ፣ ቀጥሎ ቀይ ውሃ ተፋ፣ ከዚያ ጥርት ብሎ ወረደ። ሴቶቹ እልል አሉ። ሮማን በመካከላቸው አልነበረችም። ማለዳ ላይ ተገላግላ፣ ሴት ልጅ ታቅፋ ተኝታለች። እማማ ጫልቱም ምረቃውን ትተው አራሷን ሊጠብቁ ቀርተዋል።

ደረሰ የሊቀመንበር ካኪውን እንደ ለበሰ ከመድረኩ ወረደ። ከጣሪያው ሥር ያስቀመጠውን ጀሪካን አነሣ። ጆንያም ሰጋቱራም የለውም። በሰዉ ሁሉ ፊት፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ከቦኖው ቀድቶ ትከሻው ላይ አደረገና ለልጁ መታጠቢያ ወደ ቤቱ መውጣት ጀመረ። ውሃው ጀርባውን እያራሰው ይወርዳል። ሰዉ ዝም ብሎ ያየዋል፤ የሚናገርም፣ የሚስቅም የለም። እንዲህ ላለው ነገር ምን እንደሚደረግ ማንም አያውቅም።

ያኔ ግዛቸው አጨበጨበ። ብቻውን፣ ቀስ እያለ፣ ደረሰ ግራሩን አልፎ ከዓይኑ እስኪሰወር ድረስ። አፍ ሲዘጋ ሳያይ ያጨበጨበው ያን ቀን ብቻ ነው።